ሀሁ ማለትና ፊደል ማወቅ



የአራት ዓመት ልጅ ያለበት ቤት እንግዳ ሲገባ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። «እስቲ ሀሁ በልላቸው» ይባላል። ልጁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጀምራል፤ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ፣ ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ። ዜማው አይሰበርም፤ ትንፋሽ የሚወስደው እንኳ መምህርቱ በምትወስድበት ቦታ ላይ ነው። ይጨበጨብለታል፣ እናት ደስ ይላታል። እኔ እንግዳ ስሆን አንድ ክፉ አመል አለብኝ። ጭብጨባው ካለፈ በኋላ ወረቀት ላይ «ሚ»ን ብቻዋን እጽፍና «ይቺስ ማን ናት?» እላለሁ። አብዛኛው ልጅ ዝም ብሎ እናቱን ያያል። ጎበዝ የተባለው ደግሞ የእነመን ዘር በመልኩ ለይቶ፣ ከንፈሩን እያነቃነቀ፣ «መ፣ ሙ፣ ሚ» ብሎ ይደርስባታል። ሚን ለማግኘት ዘፈኑን ከሥሩ መጀመር አለበት።

ልጁ ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። የተማረውን በሚገባ ይዟል፤ ያስያዝነው ግን ዜማውን ነው። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ፊደላችን ለትንሽ ልጅ ጆሮ እጅግ የተመቸ ሆኖ ሳለ፣ እኛ በገበታው ቅደም ተከተልና በኅብረት ጩኸት ያንን ምቾት እያባከንነው መሆኑን ለመናገር ነው።

ከፊደሉ በፊት ጆሮውን እንመልከት። ለአራት ዓመት ልጅ ዶሮ ማለት ያቺ ጓሮ የምትጭረው ናት። ቃሉ በራሱ ነገር እንደሆነ፣ ሊቆረጥና ሊገጣጠም እንደሚችል ገና አላሰበውም። ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት የሚጀምረው ቃልን በጆሮ መቁረጥ ሲቻል ነው። ታዲያ ልጅ የትኛውን ቁራጭ ይሰማል? ኢዛቤል ሊበርማን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት ይህን ለማወቅ ቀላል ጨዋታ ፈጠሩ። ለልጆቹ ትንሽ እንጨት ሰጥተው፣ ቃል ሲሰሙ በቁራጮቹ ቁጥር ጠረጴዛውን እንዲያንኳኩ አደረጉ። አንደኛው ወገን ክፍለ ቃልን፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ የሚወጣውን ቁራጭ እየቆጠረ ያንኳኳል፤ ሌላው ወገን ነጠላ ድምፅን፣ ተነባቢውን ለብቻ አናባቢውን ለብቻ፣ እየቆጠረ። ወደ አምስት ዓመት ከተጠጉት ልጆች ግማሽ ያህሉ ክፍለ ቃሉን በትክክል አንኳኩ። ነጠላ ድምፁን ግን አንድም ልጅ አልቻለውም። በአንደኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ያሉት፣ ሰባት ዓመት ሊሞላቸው የደረሱት፣ ከመቶ ዘጠና ያህሉ ክፍለ ቃልን፣ ሰባ ያህሉ ነጠላ ድምፅን መቁጠር ቻሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፖርቹጋል ማንበብ ባልተማሩ አዋቂዎች ላይ የተሠራ ጥናትም ነጠላ ድምፅን ከቃል መዝዞ ማውጣት ንባብ ይዞት የሚመጣ ችሎታ እንጂ በዕድሜ ብቻ የሚበስል እንዳልሆነ አሳየ።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል እንመለስ። «ዶ» ብለን የምንጽፈው ምልክት ክፍለ ቃል ነው። «ሮ»ም እንደዚያው። ልጁ በጆሮው የሚቆርጠው ቁራጭና በወረቀቱ ላይ የሚያየው ምልክት አንድ ልክ ናቸው። ስሙም ድምፁም አንድ ነው፤ ዶ ስሟ ዶ ነው፣ ድምፅዋም ዶ ነው። ጎረቤት ባለው የእንግሊዝኛ መዋዕለ ሕፃናት ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ብታዳምጡ ልጁ «ቢ፣ ኤ፣ ቲ» ይልና ወዲያው «ባት» ይላል። ከቢኤቲ ወደ ባት የሚወስደውን መንገድ ማን እንዳሳየው እንጃ። የእኛ ልጅ ዶ ይላል፣ ሮ ይላል፣ ሁለቱን አስጠግቶ ሲላቸው ዶሮ ትወጣለች። ይህን ጸጋ የያዘ ሕዝብ ልጁን በአራት ዓመቱ «ኤ ፎር አፕል» ለማስባል ገንዘብ ሲከፍል ሳይ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይገርመኛል። እንግሊዝኛው ይቅር አላልኩም፤ የሚቀለው ይቅደም ነው የምለው።

ክፍለ ቃልን የሚጽፍ ፊደል ምን ያህል ለልጅ እንደሚቀርብ ሌላም ምስክር አለ። ሴኮያ የተባለ፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከቼሮኪ ወገን የሆነ ሰው፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ሳይችል፣ እ.ኤ.አ. በ1821 ለሕዝቡ ቋንቋ ከ80 በላይ ምልክቶች ያሉት ፊደል ቀርጾ ጨረሰ። ከአንዷ በቀር እያንዳንዱ ምልክት አንድ ክፍለ ቃል ነው። መጀመሪያ ያስተማራት ትንሿን ልጁን ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፊደሉ በሕዝቡ መካከል ተስፋፍቶ ጋዜጣ እስከ ማተም ደረሱ።

እንግዲህ ችግሩ ፊደሉ ላይ ካልሆነ የት ነው? ገበታውን እናንብበው፤ እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደ ልጅ። የመጀመሪያው መስመር ሀ ሁ ሂ ሃ ነው። የመጀመሪያዋ ሀና አራተኛዋ ሃ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው። ልጁ ገና በሩን ሳያልፍ ሁለት መልክ ለአንድ ድምፅ ገጠመው። በሦስተኛው መስመር ሐ ይመጣል፤ ያው ሀ ነው። አምስተኛው ሠ፣ ሰባተኛው ሰ፤ አሁንም አንድ። ከመጀመሪያዎቹ ሰባት መስመሮች ውስጥ አራቱ እርስ በርሳቸው የሚምታቱ ናቸው። «ፊደል ማለት የድምፅ ምልክት ነው» የሚለውን ሐሳብ ከልጅ ጭንቅላት ለማውጣት ብናስብ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አናገኝም ነበር።

ዶሮንም በገበታው ላይ ፈልጓት። ሮ ስድስተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ናት፤ 42ኛዋ ፊደል። ዶ ከሃያ አራተኛው መስመር መጨረሻ፣ 168ኛዋ። በገበታው ቅደም ተከተል የሚሄድ ልጅ ዶሮን ለማንበብ 168 ፊደል መጠበቅ አለበት ማለት ነው። በተቃራኒው መምህርቱ በሮ ብትጀምርና ዶን፣ ጆን፣ በን፣ ቀን፣ ከን ብትጨምርባት፣ ልጁ በስድስት ፊደል ዶሮ፣ ጆሮ፣ ቀበሮ፣ ከበሮ ብሎ ያነባል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በተለይ ልብ በሏቸው። ቀበሮና ከበሮ የሚለያዩት በመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ነው። ልጅ ቀን አንሥቶ በቦታዋ ከን ሲያስቀምጥ እንስሳው ወደሚመታ ነገር እንደሚለወጥ ሲያይ የሚስቀውን ሳቅ የሰማ መምህር ከዚያ ወዲያ ወደ ዜማው ብቻ የሚመለስ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ «ጥንት የኔታ በሀሁ አይደለም ወይ ያስተማሩን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አዎ፣ በሀሁ ነው። ነገር ግን የቄስ ትምህርት ቤቱን ግማሹን ብቻ ነው የወረስነው። አንደኛ፣ እዚያ ልጁ ራሱ ነበር የሚያመለክተው። ስንደዶውን ይዞ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ይላል፤ ጣቱ ከአፉ ከቀደመ ወይም ወደ ኋላ ከቀረ የኔታ ወዲያው ያውቃሉ። ዛሬ መምህርቱ በረጅም ዘንግ ገበታውን ትነካለች፣ አርባ ልጅ ይጮኻል፤ ከአርባዎቹ ስንቱ ገበታውን እያየ፣ ስንቱ የጎረቤቱን ጫማ እያየ እንደሚጮኽ ማን ያውቃል?

ሁለተኛው ደግሞ ይበልጣል። ሀሁን የጨረሰ ልጅ አቡጊዳ ይሰጠው ነበር። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ይህ ምን እንደሆነ ቆም ብለን አስበን እናውቃለን? አ ከግዕዙ፣ ቡ ከካዕቡ፣ ጊ ከሣልሱ፣ ዳ ከራብዑ፣ ሄ ከኀምሱ፣ ው ከሳድሱ፣ ዞ ከሳብዑ። እያንዳንዷ ፊደል ከሌላ ዘር፣ በሌላ ተራ። ቀጣዩ መስመር ከበ ይነሣና በ ጉ ዲ ሃ እያለ እንደገና ያምታታል። ዜማውን ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ወዲያው ይገለጣል፤ ቡን ለማግኘት ከበ መነሣት አይረዳውም፣ ፊደሏን በመልኳ ማወቅ አለበት። የጥንት መምህራን እኔ በወረቀት ላይ ሚን ጽፌ የማደርገውን ፈተና ሥርዓት አድርገው፣ ለያንዳንዱ ልጅ፣ በገበታ ጽፈው አስቀምጠውት ነበር። እኛ ዜማውን ይዘን ፈተናውን ጣልነው። አለንጋውንና ኩርኩሙን መጣላችን ትክክል ነው፤ አቡጊዳን አብሮ መጣል ግን ምን አመጣው?

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በብዙ ክልሎች የተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሦስት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ገደማ ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻለ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ በአማርኛና በሌሎች ስድስት ቋንቋዎች የመጀመሪያ ክፍሎች መጻሕፍት እንደገና ተጻፉ። መጻሕፍቱ ቢለወጡም ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው፣ ዜሮ ክፍል በምንለውና በግል መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ገበታና ጩኸቱ እንዳሉ ናቸው።

አሁን ወደ ፊደሉ ሆድ እንግባ፤ መምህራን በየቀኑ የሚገጥማቸው እዚህ ነው።

ግዕዝ 26 የፊደል ዘር ነበረው። አማርኛ የራሱን ድምፆች ለመጻፍ ሰባት ጨመረ፤ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ። በድምሩ 33፣ በሰባት ሲባዛ 231። የሚገርመው አጨማመሩ ነው። አዲስ ቅርጽ ፈልስፈው አላመጡም፤ ሸን ከሰ፣ ቸን ከተ፣ ኘን ከነ፣ ዠን ከዘ፣ ጀን ከደ፣ ጨን ከጠ ቀረጹ፤ ለብዙዎቹ አናታቸው ላይ ጭረት ደፍተው። እነዚህ ጥንዶች ደግሞ በአፍ ውስጥም ጎረቤት ናቸው፤ ሰ ብላችሁ ምላሳችሁን ጥቂት ወደ ላንቃ ብታስጠጉት ሸ ይመጣል። ለዚህም ነው ትንንሽ ልጆች ሻይን «ሳይ»፣ ጫማን «ጣማ» የሚሉት። ፊደሉ የድምፁን ዝምድና በመልኩ ተሸክሟል። ታዲያ ገበታው ጎን ለጎን ያስቀመጣቸውን ደንና ጀን ለምን በዜማ ብቻ እናልፋቸዋለን? የማይምታቱት አብረው ቀርበው ልዩነታቸው በጣት ሲታይ ነው። «ይቺ ሰ ናት፤ ጭረት ስትደፋ ምን አለች?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ልጁ ይመልሳል።

ሳድስ ደግሞ ራስ ምታት ነው። ብቻዋን «ግ» ስንላት ትንሽ ድምፅ እናስከትላለን፤ «በግ» ውስጥ ግን ያ ድምፅ የለም፣ አፍ ይዘጋል። ልጁ በ ብሎ፣ ግ ብሎ፣ ሁለቱን ሲያገጣጥም «በግእ» የሚመስል ነገር ይወጣዋል፤ ያንን ከሚያውቀው በግ ጋር ለማገናኘት ይቸገራል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ሳድስ ከሌለባቸው እንምረጥ፤ በሬ፣ ሎሚ፣ ጎጆ፣ ዶሮ፣ ጆሮ። ቤት፣ በግ፣ ላም ቀጥለው ይምጡ። ሲመጡም ሳድሷን እጅግ አሳጥረን፣ ላምን ስንል በም ላይ ከንፈራችንን ገጥመን እናሳይ። መልኳም ቢሆን ሕግ የለሽ ናት። ካዕብ በአብዛኛው ከቀኝ ጎኑ መሀል ጭረት ያወጣል፣ ሣልስ ከቀኝ እግሩ ሥር፣ ኀምስ ቀለበት ያንጠለጥላል፤ ል፣ ም፣ ስ፣ ብ፣ ን፣ ር ግን እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ናቸው። አንድ በአንድ ከመተዋወቅ ሌላ መላ የላቸውም።

የቀሩት ግን መላ አላቸውና፣ ልጁ ጥቂት ቃላት ማንበብ ከጀመረ በኋላ ገበታው ቦታውን ያገኛል። ያኔ ወደ ጎን ከማንበብ ይልቅ ወደ ታች እናስነብበው። ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ፣ ቱ። ሁሉም ጎናቸው ላይ አንድ ዓይነት ጭረት አለ፣ ሁሉም ሲያልቁ ከንፈር ያሞጠሙጣሉ። ልጁ እዚህ ላይ ነው ከቡ ውስጥ ሁለት ነገር፣ ብ የሚለውና ኡ የሚለው፣ እንዳለ በራሱ የሚደርስበት። ሊበርማን በትንንሾቹ ልጆች ላይ ያላገኘችው ያ የነጠላ ድምፅ ጆሮ በእኛ ልጆች ላይ በዚህ በር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲያ ያልተማረውን ኙን ቢያይ እንኳ ከኘና ከጭረቱ ተነሥቶ ይገምተዋል። ይህም 231ዱን በሙሉ ከመሸምደድ ያወጣዋል።

ሞክሼዎቹን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀን በተመለከተ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ይውጡ ባይ ነኝ። ፊደል ይቀነስ የሚለው ክርክር ትልልቅ ሰዎችን ሲያፋጅ የኖረ ነው፤ እሱን እዚህ አላነሣውም። ከትምህርት ቤት ይውጡ አላልኩም፤ ማንበብ የቻለ የሰባት ዓመት ልጅ «ንጉሥ በዚህኛው ሥ ይጻፋል» ቢባል በቀላሉ ይቀበላል። ለአራት ዓመቱ ልጅ ግን 35 ፊደል ቀነስንለት ማለት ነው።

መጥበቅና መላላትስ? ገና ስንጽፍ በዓሉን ይሁን «ገና ነው» የሚለውን ፊደሉ አይነግረንም። ሐዲስ ዓለማየሁ በፍቅር እስከ መቃብር በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ እያደረጉ ሞክረውት ነበር፤ ልማድ አልሆነም። ልጁን የሚያድነው የሚያውቀው ቃል ነው። ቡናን አላልቶ አንብቦ «ቡ-ና» ካለ በኋላ «አሃ፣ ቡና!» ብሎ ራሱን የሚያርመው ቤት ውስጥ ቡና ሲባል ስለሰማ ነው። ስለዚህ ብዙ የሚወራለት፣ ተረት የሚነገረው ልጅ ከፊደል ገበታ በፊት ግማሹን መንገድ ሄዷል። ይህን በተለይ ከአገር ውጭ ልጅ ለሚያሳድጉ ዘመዶቻችሁ ንገሯቸው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ልጅ እሑድ እሑድ ሀሁን እስከ መጨረሻው ሊወጣው ይችላል፤ ዶሮ የሚለውን ቃል ካልሰማ ግን ዶና ሮ ተገጣጥመው የትም አያደርሱትም። ጠን ከተ፣ ቀን ከከ በጆሮው ካልለየም በዓይኑ መለየቱ ብዙ አይጠቅመውም። እዚያ ቀበሮና ከበሮ መጀመሪያ የጆሮ ጨዋታ መሆን አለባቸው።

ቁሳቁስ ለሚያሳስባችሁ፣ ርካሽ ነው። ቆርኪ ሰብስቡ፤ በያንዳንዱ ላይ አንዲት ፊደል ጻፉ። ልጁ ቆርኪዎቹን እያስጠጋ ቃል ይሠራል፣ እየለዋወጠ ያፈርሳል። ስሙን የልብሱ መስቀያ ላይ ጻፉለት፤ ከማንኛውም ፊደል በፊት የሚወዳት የራሱ የስሙ መነሻ ናት። ታክሲ ስትሳፈሩ ረዳቱ «ቦሌ! ቦሌ!» ሲል አብራችሁ አጨብጭቡ፤ ቦ አንድ፣ ሌ ሁለት። ከዚያ ታፔላ ላይ ቦሌን ፈልጉ። ይህን የምታደርጉት ለአምስት ደቂቃ ነው፤ ልጁ ሲሰለች አቁሙ።

ስንት ፊደል ይበቃል የሚል ወላጅ አይጠፋም። በህንድ በከናዳ ቋንቋ፣ እንደኛው ክፍለ ቃልን በሚጽፍና ብዙ መቶ ምልክት ባለው ፊደል ላይ ሶናሊ ናግ የሠራችው ጥናት ልጆች ፊደሉን ጠንቅቀው ለመያዝ እስከ አራተኛ ክፍል አካባቢ እንደሚወስድባቸው አሳይቷል። ስለዚህ አንደኛ ክፍል ሲገባ ሠላሳ አርባ ፊደል የትም ቢያገኛቸው የሚለይ፣ በእነሱም ቃል የሚያነብ ልጅ ካለን፣ 231ዱን በዜማ ከሚወጣው ጋር አልለውጠውም።

የመጨረሻው ነገር ጽሕፈት ነው። ልጁ በራሱ ፈቃድ፣ ሳይታዘዝ፣ ቃል መጻፍ ሲጀምር ስሕተት ይሞላዋል። ፀሐይን «ጸሃይ» ብሎ ቢያመጣላችሁ ቀይ እስክሪብቶ አታንሡ። የሰማውን እያንዳንዱን ድምፅ ፊደል ፈልጎለታል፤ አንዱንም አልዘለለም፣ ከዜማ የተቀዳም የለበትም። «ምን ብለህ ጻፍክ? እስቲ አንብብልኝ» በሉት። የፀሐይዋ ፀና ሐ ሁለተኛ ክፍል ላይ ይደርሱበታል።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ አርባ ልጅ ይዛችሁ እንዴት አንድ በአንድ እናስጠቁማለን ብላችሁ የምታስቡ መምህራን፣ እጃችሁን አውጡ፤ ከእናንተ እንጀምር።